ፖንን ስለማያውቅ መዝገብ

ለተከበሩ የዋቱጋዲንግ ከተማ ፖሊስ አዛዥ፣

ከባሕር ማዶ ተሹመው ወደ እኛ ጃቫ ከመጡ ወዲህ አየሩ እንደተስማማዎት፣ እንቅልፍዎም እንደማይጓደል ተስፋ አደርጋለሁ። በእኛ በኩል እንቅልፍ ጠፍቷል።

ጊያርቲ፣ ሱንደሪ እና ላስትሪ የተባሉትን ሴቶች አንቀው የገደሉት ሦስት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ባለፈው ሳምንት በከተማው አዳራሽ ስላስረዱን አመሰግናለሁ። ማስረጃዎ አንዷ ሰኞ፣ አንዷ ቅዳሜ፣ አንዷ ዓርብ መሞታቸው ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሂሳብ ሳስተምር መልስ የሳተ ተማሪ ስሌቱን እንዲደግም መጠየቅ ልማዴ ሆኖ ቀርቷልና፣ በትሕትና የሚከተለውን አቀርባለሁ።

፩. ቀኖቹ ማርች 3፣ ኤፕሪል 12 እና ሜይ 2 ናቸው። በመካከላቸው አርባ ቀንና ሃያ ቀን አለ። ጽሕፈት ቤትዎ ለሰባት አካፍሎ ቀሪ ሲያገኝ ተስፋ ቆረጠ። እኛ ግን ገበያችንን የምንቆጥረው በአምስት ቀን ዙር ነው፦ ለጊ፣ ፓሂንግ፣ ፖን፣ ዋጌ፣ ክሊዎን። ሦስቱም የሞቱት በፖን ነው። የፍየል ገበያ የሚቆመውም በፖን ብቻ ነው።

፪. በፍየል ገበያው በር ሻይ የሚሸጡት ምቦክ ቱኪነም፣ ጊያርቲም ላስትሪም በየሞቱበት ቀን ከአንድ ፍየል ነጋዴ ጋር ሲወጡ አይተዋል። የግራ እጁ ሌባ ጣት የለውም። ይህንንም ለሳጅንዎ ተናግረዋል።

«እማማ፣ ቀኑ ማክሰኞ ነው ረቡዕ?»

«ፖን ነው አልኩህ እኮ ልጄ።»

«የሳምንቱን ቀን ነው የምጠይቅዎት።»

«ሰውየው በፖን ነው የሚመጣው፤ ታዲያ ለአንተ ብዬ ማክሰኞ ላምጣው?»

ሳጅኑ «ምስክሯ ቀኑን አታውቅም» ብለው ጽፈው አሰናበቷቸው። የእጅ ጽሑፋቸው ግን በጣም ያምራል።

፫. ሴቶቹ የታነቁባቸው ሦስቱ አረንጓዴ ገመዶች በሦስት ፖስታ ታሽገው በሦስት መሳቢያ መቀመጣቸው የሥርዓት ምሳሌ ነው። አስከሬኖቹን ያጠቡት ሴቶች እንደነገሩኝ፣ የሦስቱም ቋጠሮ አንድ ነው፤ ፍየል ነጋዴዎች የሚቋጥሩት፣ ጫፉን ሳብ ሲያደርጉት የሚፈታው። ገመዶቹ ለአንድ ሰዓት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢተዋወቁ የሚከፋው ማን እንደሆነ ለማወቅ እጓጓለሁ።

አራተኛ ነጥብ ነበረኝ፤ ነገር ግን ትናንት የላስትሪ ታናሽ እህት ዋጊኒ ቤቴ መጣች። ፍየል ነጋዴው ሱንደሪ ከሞተች በኋላ ሦስት ገበያ ቀርቶ በአራተኛው፣ ላስትሪ በሞተችበት ቀን፣ ተመልሶ ነበር። ላስትሪ ከሞተች ወዲህም ሦስት ገበያ ቀርቷል። ዋጊኒ በሚመጣው ገበያ ከምቦክ ቱኪነም ጎን ሻይ እየቀዳች ልትጠብቀው ወስናለች። «ፖሊስ ካልመጣ እኔ እጁን አየዋለሁ» አለችኝ። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው። ልከለክላት ሞከርኩ፤ አልሰማችኝም።

የመዝገቦችዎን ጽዳት ከሚያደንቁና የገዳዮችዎን ብዛት መቁጠር ካቃታቸው ነዋሪዎች አንዱ የሆንኩ፣ ታዛዥዎ፣

ዋርሲዲ፣ ጡረተኛ የሂሳብ መምህር
ዋቱጋዲንግ፣ ፓሂንግ

ማስታወሻ፦ ከፓሂንግ ቀጥሎ ፖን ነው። እኔም ከዋጊኒ ጎን በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ መሮጥ አልችልም። መዝገብዎ እንዳይቸገር ቀኑን ተርጉሜልዎታለሁ፦ ነገ፣ ሐሙስ።