አሥራ ሰባት ቁጥር መስታወት

የካቲት 3፣ ሰኞ

ፀሐዩ ጥሩ ነው፤ ልብስ አጠብኩ። የልጄ የሥራ ቱታ ብቻውን ሦስት ውሃ ፈጀ። አውሮፕላን ጠጋኝ ወልጄ ዘይት ሳሽ ልኑር? ዛሬ ዕረፍቷ ነው፤ አክስቷን ልትጠይቅ ወጥታለች። ከኪሷ የወጣው፦ ዘይት የነካው ጨርቅ፣ እርሳስ፣ እጀታዋ ረዘም ያለ አንዲት ትንሽ ክብ መስታወት... የጥርስ ሐኪም ዕቃ የምትመስል። እጀታዋ ላይ 17 ተቀርጿል። እንዳትሰበር ከክር ሣጥኑ አኖርኳት። ስትመጣ እሰጣታለሁ።

ጎረቤቴ ልብስ ሳትጨምቅ ታሰጣለች። ደረጃው ሁሉ ውሃ። ነገርኳት። አኮረፈች። ታኩርፍ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ልጄ ፊቷ ጠቁሮ ገባች። ለምርመራ የገባው አውሮፕላን ዛሬ ሊወጣ ነበር። ዕቃ ሲቆጠር አንድ ጎደለ። ግድግዳው ላይ የእያንዳንዱ ዕቃ ቅርጽ ተሥሏል፤ የአንዱ ቦታ ባዶ። እሑድ የግራውን ሞተር ስትመረምር የያዘችው መስታወት ነው። መመለሷን አታስታውስም። የዕቃ ቤቱ ሰውም ቸኩሎ ሳይቆጥር ፈርሟል።

"እማዬ፣ ከቱታዬ ኪስ ምንም አላገኘሽም?"

"ጨርቅና እርሳስ።"

"ሌላ?"

"እኔ ኪስ ሳልፈትሽ አጥቤ አውቃለሁ?"

ተቆጣሁ እንኳ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀዶ ጥገና ክፍል ጨርቅ ስቆጥር የኖርኩ ነርስ ኪስ ሊያመልጠኝ! "ይቅርታ፣ አንቺማ አትረሺም" አለች።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

አለቃዋን ሠራተኞቹ "ቶሎ ቶሎ" ይሉታል። ሌላ ጊዜ ስሙ ያስቀኛል።

"ከምርመራው በፊት የጠፋ ነው ብለሽ ጻፊና ፈርሚ" አላት።

"መቼ እንደጠፋ አላውቅም።"

"አንቺ ልጅ፣ መቶ አርባ መንገደኛ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብሏል! አንዲት መስታወት ምን ታደርጋለች?"

"ሞተር ውስጥ ከሆነችስ? እርስዎ ይሳፈሩበታል?"

ሞተሩን አስከፈተች። ጓደኞቿ "እመት ቆጠራ" ይሏት ጀመር።

እኔም አንድ ጊዜ ትልቅ ሐኪም ሊሰፋ ሲል "አንድ ጨርቅ ጎድሏል፤ አይሰፋም" ብዬ ቆሜበታለሁ። ሰደበኝ። ጨርቁ ከጉበት ሥር ወጣ። ይህን ለልጄ ስንቴ ነገርኳት? ዛሬም ደገምኩላት። "እንዳትፈርሚ" አልኳት።

ማንቆርቆሪያው አረረ። ማን ጣደው? ከእኔ ሌላ ማን አለ...

የካቲት 6፣ ሐሙስ

አልተገኘችም።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ጽሑፌ አያምርም።

ጠዋት የቀሚሴ ቁልፍ ተበጠሰ። የክር ሣጥኑን ከፈትኩ። ከጥቁሩ ክር ሥር... መስታወት። 17። ማን አኖራት? ልጄን እንኳ ጠረጠርኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ይህን ደብተር ገለጥኩ። ሰኞ። የገዛ እጄ ጽሑፍ። ቁጥሩ ሳይቀር። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሌላ ሰው ይመስላል። ሳኖራትም ስጽፈውም አይታየኝም።

ደወልኩላት። ቱታዋን እንደለበሰች መጣች። መስታወቷን ሰጠኋት፣ ደብተሩን አሳየኋት። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"እዚያው ሥራ ቦታሽ፣ ከዕቃ ጋሪው ሥር ጣል አድርጊያት" አልኳት። "አገኘኋት በይ። ማን ያያል?"

ትክ ብላ አየችኝ።

"እማዬ፣ አንቺ ነሽ ይህን የምትዪኝ?"

"ሥራሽን ያሳጡሻል፣ ልጄ።"

"እንዴት እንደወጣች ካልታወቀ ነገም ሌላ ይወጣል።"

በመሐረብ ጠቅልላ ሄደች። ቁልፉን ሳልተክለው ቀረሁ።

የካቲት 10፣ ሰኞ

አውሮፕላኑ ቅዳሜ ተነሣ። ልጄ የመፈረም ፈቃዷን ለስድስት ወር ተነጠቀች። ዕቃ ቤት ጓንት ታድላለች። ሦስት ቀን ሞተር አስፈትታ መስታወቷ ከእናቷ ቤት ወጣች፤ ምን ትበል?

"የእኔስ ይለፍ፣ እማዬ" አለች። "ዛሬ መፍቻ ጠፋ። ቶሎ ቶሎ 'መጀመሪያ የእናታችሁን የክር ሣጥን እዩ' አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።"

"መፍቻው ተገኘ?"

"ተገኘ። ሌላ ቀን ባይገኝስ? ማን ደፍሮ ሞተር ያስከፍታል?"

ዕቃ ሲጎድል ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሣው ያ ፍርሃት... ደጉ ፍርሃት። እኔ ነኝ መሳቂያ ያደረግሁት።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ገና ልጅ እግር ነው።

"እማማ፣ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩልኝ።"

ዘጠና ሦስት። ሰማንያ ስድስት... ቆምኩ። እኔ፣ ቆጣሪዋ። ልጄ ወደ መስኮቱ ዞረች።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ልብስ አጠብኩ። ቱታ የለም፤ የዕቃ ቤት ሰማያዊ ጋውን ብቻ። ዘይት እንኳ አልነካውም። ከኪሱ የወጣው፦ አንድ መሐረብ። ሌላ የለም፤ ሁለት ጊዜ ፈተሽኩ። መሐረቡን ከላይኛው መሳቢያ አኖርኩት። ምድጃውን 10 ሰዓት ላይ አጠፋሁ።

ልጄ ሥራ ቦታ አንዱ የሠራውን ሌላው አይቶ ካልፈረመ ሥራው አላለቀም። ከዚያ ዓርብ በቀር ደብተሬን ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው አሳይቼ አላውቅም። ባሌ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሽፋኑን ብቻ ነው የሚያውቀው። ዛሬ ለልጄ ሰጠኋት።

"የዛሬውን አንብቢ። አረጋግጪና ፈርሚ።"

"የመፈረም ፈቃድ የለኝም እኮ" አለች። ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች።

ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች። ምድጃውን በእጇ ዳሰሰች። መሳቢያዎቹን ከፈተች፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ተመልሳ ተቀመጠች፣ እርሳሴን ወሰደች። "ከላይኛው" የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዛ "ከታችኛው" ብላ ጻፈችበት።

ከሥሩ ፈረመች።