በሰርግሽ ቀን በሩን ለምን እንደቆለፍኩ

መቱ፣ የካቲት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ኢሊሊ፣

እንደምን ከርመሻል? ሁንዴሳስ ደህና ነው? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት አድርጓችኋል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እናትሽ አጠገቤ ቆማ "ዛሬም ልትዋሽ ነው?" ስትለኝ ተውኩት። በስልክ እንዳልነግርሽ ከእኔ ጋር አታወሪም፤ ስትደውዪ እናትሽ ስልኩን ይዛ ጓሮ ትወጣለች። አልፈርድብሽም፣ የእጄን ነው ያገኘሁት።

ያን ጊዜ "የኪንታሮት ኦፕራሲዮን ነው" ያልኩሽ ኪንታሮት አልነበረም። የአንጀት ካንሰር ነው። እኔም ራሴ አንድ ዓመት ሙሉ ኪንታሮት ነው እያልኩ፣ ደም እያየሁ ዝም አልኩ። ቡሬ መድኃኒት አዋቂ አለ ሲሉኝ ቅጠሉን እየተቀባሁ ከረምኩ። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ የሚውል ልብስ ሰፊ ይሄ አያጣውም እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ለሐኪም ሱሪ ማውለቅ አፍሬ እኮ ነው! ሠላሳ ዓመት የሰው ሱሪ ስለካ የኖርኩ ሰውዬ! እናትሽ ለምና ለምና ነው አዲስ አበባ የወሰደችኝ።

እዚያ በሽታውን ቆርጠው አወጡልኝ። በሳምንቱ ግን የተሰፋው አንጀት ውስጥ ለውስጥ ተተረተረና ሆዴ መግል ሞላ፤ እንደገና ከፈቱኝ። ስነቃ ሆዴ ላይ፣ በግራ በኩል፣ አንጀቴን በቀዳዳ አውጥተው ከረጢት ለጥፈውበታል። ሰገራዬ የሚወጣው በዚያ ነው፣ ልጄ። "ለስድስት ወር ነው" ብለውኝ ነበር፤ በኋላ ግን መመለስ አይቻልም፣ ለዘለቄታው ነው አሉኝ። ከረጢቱ እዚህ እንደልብ አይገኝም። ሲያልቅብኝ ፌስታል አድርጌ፣ በራሴ ማሽን በሰፋሁት መቀነት አስረዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ሰርግሽ ልምጣ። ሁንዴሳን ጠልቼው አይደለም። ያን ቀን አዲስ ሱፍ ሰፍቼ ለብሼ፣ ጉልበቴን ስመሽ፣ መርቄ ልሸኝሽ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር። የሙሽራው መኪና ክላክስ ሲሰማ ፌስታሉ ከመቀነቱ ሥር ተፈታ። እስከ ሱሪዬ ወረደ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። አንቺ ደግሞ በነጭ ቬሎ ተንበርክከሽ ፊትሽን እዚያው ጭኔ ላይ ልታደርጊ ነው! ከኋላሽ ሚዜው፣ ካሜራው፣ ከኡካ የመጣው የሁንዴሳ ዘመድ ሁሉ። ዘልዬ በሩን ቆለፍኩት።

"አባዬ፣ ጉልበትህን ስሜ ልውጣ" አልሽ ከበሩ ውጭ ሆነሽ። አሞኛል ብል በሩን ሰብረው ይገባሉ ብዬ ፈራሁ። አፌ የቀደመው ሌላ ሆነ፦ "ሽማግሌ ሁለቴ ብቻ ልከው፣ ሦስተኛውን ንቀው ለቀሩ ሰዎች የምትሄድ ልጅ፣ የሚሳም ጉልበት የለኝም!" ውሸቴን ነው፣ ኢሊሊ። ሽማግሌዎቹን "ሦስተኛ መምጣት አያስፈልግም፣ ልጃችሁ ልጃችን ነው" ብዬ የመለስኳቸው እኔው ነኝ። እነሱ ግን ሊያጋልጡኝ ሲችሉ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስድቡን ዋጡልኝ።

ደጃፉን ስመሽ እንደሄድሽ የነገረችኝ እናትሽ ናት። እኔ ውስጥ ሆኜ ሱሪዬን ይዤ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እሷንም ትንፍሽ እንዳትዪ ብዬ አስምያታለሁ፤ በእሷ እንዳትፈርጂ።

አሁን እዚህ ጃለኔ የምትባል ነርስ አግኝቻለሁ። በቀዳዳው ዙሪያ የተላጠውን ቆዳዬን አይታ ተቆጣችኝ። በለብታ ውኃ ማጠብ፣ የከረጢቱን አፍ በልኩ መቁረጥ አስተማረችኝ። ለእኔ ልክ ታስተምረኛለች፣ ጉድ እኮ ነው! "ጋሼ ደበሳ፣ ይሄ አንጀት እንጂ ነውር አይደለም። ለልጅዎ ነግረዋል?" አለችኝ። ያን ቀን በሩን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ አንቺ አትጸየፊኝም ነበር፤ ይህን አሁን አውቃለሁ፣ ምን ዋጋ አለው።

ኬሞውንም አቁመውልኛል። ሐኪሙ "ሰውነትዎ ይረፍ" ብሎ ነው። ቀጠሮም አልሰጠኝም፤ "ካመመዎት እዚያው መቱ ይታዩ" አለኝ። አዲስ አበባ መመላለሱ ሰልችቶኝ ነበርና ተገላገልኩ። እናትሽ ግን ከዚያ ወዲህ ጓዳ እየገባች ታለቅሳለች፣ ምን እንደሆነች እንጃ።

ይቅር በይኝ። ሁንዴሳንም ይቅር በለው በይልኝ፤ ወላጆቹን እኔው ኡካ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ትንሽ መራመድ ስችል። ለፋሲካ ሥራ ስትፈቱ ብቅ ብትሉ ደስ ይለኛል።

ከአፌ የወጣውን ክፉ ቃል ምድር ይብላው። ዋቃ ጎጇችሁን ያሙቅላችሁ፣ ወልዳችሁ ሳሙ፣ ሆራ ቡላ፣ ተባዝታችሁ ኑሩ።

በዳይሽ አባትሽ፣
ደበሳ ጉቱ

ኢሊሊ፣ ፖስታውን ካሸግኩት በኋላ መልሼ ቀደድኩት። ስለ ፋሲካ ያልኩሽን ተዪው፣ ሩቅ ነው። ደብዳቤው በደረሰሽ ቀን ተነሺ።