ምጥን በጎማ አሻንጉሊት ያስተማሩት የዶክተር ዴልፊና አያቪሪ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ዴልፊና አያቪሪ ከአባታቸው ከዶን ሴራፒዮ አያቪሪ እና ከእናታቸው ከዶኛ ፕሪሚቲቫ ቾኬ እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1973 ተወለዱ። አባታቸው በኡዩኒ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበሩ። እናታቸው ፖዬራ የምንለውን ባለብዙ እጥፍ ቀሚስ እየሰፋች ትተዳደራለች።

እናታቸው እርጉዝ ሳለች በሕልሟ ከኡዩኒ አጠገብ ባለው የጨው ሜዳ ላይ ስትሄድ ታያለች። ዝናብ ጥሎ ሜዳው ውሃ ይዟል፤ ሰማዩ ከእግሯ በታች ነው። ከፊቷ አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ትራመዳለች፤ ብትጠራትም አትዞርም። በዚህ ሕልም ፈርታ ሳለ ምጡ ያለ ቀኑ መጣ፤ በባቡርም ወደ ኦሩሮ ሆስፒታል ወሰዷት። እዚያ የሕክምና ተማሪዎች ተራ በተራ ገብተው እጃቸውን ሞከሩባት። ስሟን የጠየቃት አንድም አልነበረም። ዶክተር ዴልፊና የተወለዱት በዚያ ዕለት ነው።

ልጅ ሳሉ ከስፌት መኪናው ሥር የወደቀ መርፌ እየለቀሙ ይህንን ታሪክ ሰሙ። አላለቀሱም። “ታዲያ የት ይማሩ ነበር፣ እማዬ?” ብለው ብቻ ጠየቁ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በኡዩኒ አጠናቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1992 የሕክምና ትምህርት ጀምረው በማዕረግ ተመረቁ። በገጠር ጤና ጣቢያዎች ካገለገሉ በኋላ በማህፀንና ጽንስ ሕክምና ሠለጠኑ። በ2003 ከሙዚቃ መምህሩ ከዶን ኤፍራይን ካዮ ጋር ትዳር መሥርተው አብሪልንና ናታንየልን አፈሩ። ከዚያም በከተማችን በሚገኝ አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ፤ እናታቸውንም ወደ ቤታቸው አመጡ።

በ2012 ለትምህርት ቤቱ የምታምጥ የጎማ አሻንጉሊት መጣች። ትተነፍሳለች፣ ታቃስታለች፣ አንገቷ ላይ ጣት ሲያሳርፉ ደም ሥሯ ይመታል፤ በሆዷም የጎማ ሕፃን አለ። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ኢላሪዮን ባስፒኔይሮ ግን ወደ ዕቃ ቤት አስገቧት። በመምህራን ስብሰባ ላይ “ጎማ አያምጥም። እኔ የተማርኩት ከሴት ነው” አሉ።

“ሴትየዋስ ምን ተማረች፣ ዶክተር?” አሉ ዶክተር ዴልፊና።

ከስብሰባውም በኋላ አሻንጉሊቷን ከዕቃ ቤት ቢያወጧትም የሚቀርባት ጠፋ። ተማሪዎቹ “ዶኛ ጎማ” እያሉ ይስቁባታል። ለምክር የተጠሩት የገጠር አዋላጆች ደግሞ በር ላይ ቆመው አይተዋት፣ ምጥ የያዛት ሴት በዚህ ብርድ ራቁቷን በጀርባዋ ተጋድማ ማን ደስ ብሎት ይነካታል ብለው ተመለሱ። ዶክተር ዴልፊና ያን ሰሞን እህል አይወርድላቸውም ነበር።

እናታቸው ምሳ ልታደርስ ሄዳ አሻንጉሊቷን አየቻት። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ገብቶ ፊቷ ላይ አርፏል፤ ደረቷ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል። ስትወልድ ውላ ስትወልድ የምታድር፣ የማታርፍ ፍጥረት ለልጄ መከራ ታመጣለች ብላ ፈራች። በዚያ ሳምንትም በሕልሟ አሻንጉሊቷ ከቤታቸው ደጃፍ ቆማ፣ ምንም ሳትናገር፣ የተሰቀሉትን ቀሚሶች ስታይ አየቻት። ሲነጋ አረንጓዴ ጨርቅ ቆርጣ ፖዬራ ሰፋችላት፤ የራሷን የሱፍ ነጠላም ጨመረችላት።

ዶክተር ዴልፊና ቀሚሱን ራሳቸው አለበሷት። ከዚያ ወዲያ ሰላም ሳይል፣ ስሙን ሳይናገርና ፈቃድ ሳይጠይቅ ቀሚሷን የሚገልጥ ተማሪ ከክፍል ይወጣ ጀመር። መጀመሪያ ተሳሳቁ። እየቆየ ሳቁ ጠፍቶ ልማዱ ጸና። አዋላጆቹም ተመልሰው መጡ፤ አሻንጉሊቷን አንበርክከው እንዴት እንደሚያዋልዱ ለተማሪዎቹ አሳዩ።

አንድ ቀን ዶክተር ኢላሪዮን በር ላይ ቆሙ። የጎማው ሕፃን ራስ ወጥቶ ትከሻው ውስጥ ተይዟል፤ አንድ ተማሪ ላብ አጥምቆት የሕፃኑን ራስ ይጎትታል። ሽማግሌው አላስቻላቸውም።

“አትጎትት ልጄ፣ አትጎትት። ጉልበቷን ወደ ሆዷ እጠፉላት” አሉ።

ካፖርታቸውን አውልቀው ገቡ። ከቀሚሱ ፊት ሲደርሱ ቆም አሉና ባርኔጣቸውን አነሱ። “ሴኞራ፣ ኢላሪዮን እባላለሁ፤ ይፍቀዱልኝ” አሉ። የሳቀ አልነበረም። እስኪመሽ አስተማሩ። በዚያ ዓመት በካርኒቫሉ ማክሰኞ፣ ለአዲስ ነገር ሁሉ መሬት ላይ አልኮል በሚፈስበት ዕለት፣ ለዶኛ ጎማም ያፈሰሱላት እርሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በእርሷ ሳይለማመድ ወደ ምጥ ክፍል የገባ ተማሪ የለም። ሌሎች የመማሪያ አካላት፣ ለመርፌ የሚሆን የጎማ ክንድም ጭምር፣ ተከታትለው መጡ።

ዶክተር ዴልፊና በቤታቸውም መምህር ነበሩ። እናታቸው በስተርጅና በጎልማሶች ትምህርት ቤት ፊደል መቁጠር ስትጀምር አጠገቧ ይቀመጡ ነበር። ስትሳሳት እርሳሱን አይቀሟትም፤ ራሷ እስክታየው ዝም ብለው ይጠብቃሉ።

በ2023 የደም ካንሰር እንደያዛቸው ታወቀ፤ ሲያስተምሩበት በኖሩት ሆስፒታልም ተኙ። አንድ ጠዋት አንዲት ተማሪ መርፌ ልታስገባ መጣች፤ ገና ልጅ ናት። እናታቸው በአልጋውና በልጅቷ መካከል ቆመች። የልጄ ክንድ መማሪያ አይሆንም፣ ልምድ ያለው ሰው ይምጣ አለች።

“ፈቀቅ በይ፣ እማዬ። በጎማው ክንድ ተለማምዳለች፤ የመጀመሪያዋ እኔ አይደለሁም” አሉ ዶክተር ዴልፊና።

ተማሪዋ ስሟን ተናገረች፣ ፈቃድ ጠየቀች፣ ክንዳቸውን በመዳፏ አሞቀች። እናታቸው የልጇን ፊት ብቻ ትመለከት ነበር። ቅንድባቸው ሳይነቃነቅ መርፌው ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪ በመጣ ቁጥር ተነሥታ በር የምትከፍት እናታቸው ነበረች።

ዶክተር ዴልፊና አያቪሪ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. ግንቦት 19 ቀን 2024 ንጋት ላይ በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ዶን ኤፍራይን፣ ልጆቻቸው አብሪልና ናታንየል፣ ይህንንም የጻፈች እናታቸው ዶኛ ፕሪሚቲቫ በሕይወት አሉ። አባታቸው ቀድመዋቸው ሄደዋል።

አምላክ የዶክተር ዴልፊናን ነፍስ በእርጋታ ተቀብሎ ያሳርፍልን። ያስተማሯቸውን እጆች ይባርክ፤ ዛሬ በዚህች ከተማ ምጥ ለያዛት ሴት ሁሉ ከነዚያ እጆች አንዱን ይላክላት። አሜን።