ቅዳሜ የማጥበው ግቢ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን
በምሳ ሰዓት፣ ከሥራ መኪናችን ውስጥ

ልጄ፣ የኔ እናት፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ እሁድ ዕለት በስልክ ስትስቂ ሰምቼሻለሁ፣ እንደዚያ የሚስቅ ሰው ደህና ነው። እኛም ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፣ ምላሷ ግን ከነሙሉ ጤናው ነው። የእኔ ጀርባ ጠዋት ጠዋት ይለግማል፣ ሥራ ስጀምር ይፈታል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስናወራ እናትሽ ጆሮዋን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ ስለምታዳምጥ ነው፤ ይህን ነገር ደግሞ እንድትሰማብኝ አልፈልግም። ደግሞም ድምፄ ይከዳኛል። የጎረቤታችን ልጅ ነገ ወደ እናንተ ስለምትበርር በእጇ እልክልሻለሁ። ደመና ምሳ ሊበላ ወጥቷል። ደመና የሥራ ጓደኛዬ ነው፤ እሱ ብቅ ካለ ውሃ መምጣቱ አይቀርም ብለን ያወጣንለት ስም ነው። ሳይመለስ ልጨርስ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላምጣው። ባለፈው ወር የእጮኛሽ እናት ቤት ደውለው «ኢንጂነር አሉ?» ሲሉ፣ እናትሽ «ተሳስተዋል» ብላ ልትዘጋባቸው ነበር። ያንቺን ስም ሲጠሩ ነው ስልኩ እጇ ላይ የቀረው። «አዎ፣ ሥራ ላይ ናቸው» አለች፤ ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር አንድ ቀን አንቱ ብላኝ የማታውቀው ሴትዮ! የእጮኛሽ ወላጆች እንተዋወቅ ብለው ቤታቸው ጠሩን። የሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ነው።

አባቴ ኢንጂነር ነው ያልሻቸው ለምን እንደሆነ አንቺን አልጠየቅንሽም። ሰው አዲስ አገር ሄዶ ስንት ነገር ይጠየቃል፣ ስንቱን ቁጭ ብሎ ያስረዳል? እናትሽንም «ሞተር አስነሳለሁ፣ ውሃ እገፋለሁ፣ ግፊት እቆጣጠራለሁ፤ ከኢንጂነር በምን አንሳለሁ?» ብዬ አሳቅኋት። ሳቀች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች።

እንግዲህ ከሰኞ ጀምሮ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ፓርኪንግ እያጠብን ነው። ፓርኪንግ የሚታጠበው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ውሃ ሽቅብ አይሄድማ። ላይ ላዩ ቀላል ነው፤ የወፍ ኩስ፣ ጎማ ያሰመረው ጥቁር መስመር፣ ተረግጦ ተረግጦ ድንጋይ የሆነ ማስቲካ። ማስቲካን ፍል ውሃ ይጥለዋል። መከራው ምድር ቤት ነው። ሞተሩ እዚያ አይገባም፣ ጭሱ ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ ውጭ አቁመነው ቱቦውን ብቻ ቁልቁል እንጎትታለን፣ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ግፊቱ ይደክማል። ከመጀመራችን በፊት የኤሌክትሪክ ሳጥኑን፣ የእሳት ማስጠንቀቂያውን፣ ሁሉንም በላስቲክ መጠቅለል አለብን። ቆሻሻው ውሃ ወደ መንገድ እንዳይወጣ እየመጠጥን በርሜል እንሞላለን። ዘይቱ ሲሚንቶው ውስጥ ሰርጎ የከረመ ነው፤ ሳሙና አፍስሰሽ፣ ጠብቀሽ፣ በብሩሽ ፈትገሽ ካልሆነ ንቅንቅ አይልም። ተቻኩለሽ የውሃውን አፍ ካስጠጋሽው ሲሚንቶውን ይቦረቡረዋል። ያን ጊዜ ዘይቱ ይለቃል፣ ጠባሳው ግን ሕንፃው እስኪፈርስ ይኖራል።

ይህን ሁሉ የማወራው ከዋናው ነገር ለመሸሽ ነው። ገብቶሻል።

ትናንት የመጨረሻው ወለል ላይ ደረስን። መኪናችሁን አንሱ የሚል ማስታወቂያ ሳምንት ሙሉ ተለጥፎ ነበር፤ ሁሉም አንስቷል፣ አንድ አሮጌ ነጭ መኪና ብቻ እንዳኮረፈ ልጅ ጥግ ይዞ ቆሟል። በቆመ መኪና አጠገብ አናጥብም፤ ግፊቱ ጠጠር ያስፈነጥራል፣ መስታወት ይሰብራል። ጥበቃው ለባለቤቱ ደወለ። ትንሽ ቆይቶ ሹራብ የለበሱ፣ በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰው «ይቅርታ፣ አስቸገርኳችሁ፣ ባትሪዋ ሞቶብኝ ነው» እያሉ ወረዱ። እዚያው ሕንፃ ላይ የእህታቸውን ሱቅ ነው የሚጠብቁት።

ገፋናት። እሳቸው በበሩ በኩል አንድ እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው፣ እኔና ደመና ከኋላ። ወለሉ ሳሙና ስለነበረ እኔ ሁለቴ በግንባሬ ልደፋ ነበር። ስንጨርስ ሦስታችንም ግድግዳ ተደግፈን አለከለክን።

ሰውዬው መሄድ ነበረባቸው፣ አልሄዱም። ማሽኑን ወደዱት። «ኤሊ» የምንላት ክብ ማሽን አለችን፤ ሆዷ ውስጥ የውሃ አፎች እየተሽከረከሩ ወለሉን የምታጥብ። «እስቲ እኔም ልሞክራት?» አሉ። ሰጠኋቸው። በሄዱበት ሁሉ ጥቁሩ ወለል ነጭ መንገድ ሲያወጣ፣ አንቺ ሙች፣ እንደ ሕፃን ነው የሳቁት። «ዕድሜ ልኬን መንገድ ላይ ስነዳ እንዲህ ያለ መንገድ አላየሁም!» አሉ። የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። እኔም ጭምብሌን አውርጄ አብሬያቸው ሳቅሁ። ከሰው ጋር እንደዚያ ከሳቅሁ ቆይቻለሁ።

«ይሄ ነገር የቤት ግቢ ያጥባል?» አሉኝ።

«የማያጥበው ምን አለ? የሰው ሐሜት ብቻ ነው የሚያቅተው።»

«እንግዲያው ወንድሜ፣ አንድ ጭንቀት አለብኝ። ውጭ ያለው ልጄ ሊያገባ ነው። የልጅቷ ወላጆች የሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ቤቴ ይመጣሉ። አባትዬው ትልቅ ሰው ናቸው አሉ፣ የውሃ ኢንጂነር። የኔ ግቢ ደግሞ የጭነት መኪና ዘይት ሲንጠባጠብበት የኖረ ነው። ሚስቴ 'እዚህ ላይ ነው ወንበር የምታወጣላቸው?' ትለኛለች። እውነቴን ነው፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

ሳቄ ፊቴ ላይ ደረቀ። የእጮኛሽ አባት ናቸው። እኔን አንተ፣ እኔኑ ደግሞ እሳቸው እያሉ ይነግሩኛል።

«ኢንጂነሩ ግቢ ሊያዩ ነው እንዴ የሚመጡት?» አልኳቸው።

«አንተ የሥራ ሰው ነህ፣ አይገባህም። የተማረ ሰው አፉን አይከፍትም፣ በዓይኑ ነው የሚለካህ። እኔ ስምንተኛ ክፍልም አልጨረስኩ። ልጄ ደግሞ 'አባቴ የትራንስፖርት ድርጅት አለው' ብሏት መሰለኝ።» ወደ ነጯ መኪና በአገጫቸው አመለከቱ። «ድርጅቴን አሁን አብረን ገፋነው አይደል?»

ደመና በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አንቺ ሦስት ከባድ መኪና አላቸው ያልሽን ትዝ አለኝ። ልጄ፣ ይህን የጻፍኩት እጮኛሽን እንድትቆጪው አይደለም። እሱም እንደ ሰው ነው።

ከዚያ ስልካቸውን አወጡ። «ሙሽራችንን እይልኝ፤ ስትስቅ ዓይኗ ድራሹ ይጠፋል» አሉ። አንቺ ነሽ። በምረቃሽ ቀን የተነሳነው ፎቶ፤ እኔ ከኋላ፣ በዚያ በግራጫው ሱፍ። ፎቶውን አዩ፣ ቀና ብለው እኔን አዩ፣ እንደገና ፎቶውን።

«አንተ! አባትዬው ቁርጥ አንተን!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቦት ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገብቶ ይንቦጫረቃል፣ ጢሜ ላይ የሳሙና አረፋ አለ፣ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ጥቁር ዘይት ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሰው ከሰው ይመሳሰላል፤ እኔ እንኳን እንዲህ ያለ ሱፍ ለብሼም አላውቅ» አልኩ።

«የውሃ ሰው አይደለህ? ታውቃቸው ይሆናል እኮ።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና፣ «በስም አውቃቸዋለሁ። ኮራ ያሉ ሰው ናቸው ይባላል» አልኳቸው። ለምን እንዳልኩት እስካሁን አላውቅም። የገዛ ራሴን አማሁ። እሳቸውም ክው አሉ፤ ያቺን ሁሉ ሳቅ ያሳቁኝ ሰው ትከሻቸው ወረደ። «እንዲያው ለነፍስህ፣ ታጥብልኛለህ?» ሲሉኝ እንዴት እምቢ ልበል? አጥባለሁ አልኩ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ፣ የእሁዱ ዋዜማ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ዋጋ ሲጠይቁኝ «ምንም» አልኩ፤ ከአማች ገንዘብ እንዴት እቀበላለሁ ብዬ ነው። እሳቸው ግን ያዘንኩላቸው መሰላቸውና ተቆጡ። «ድሃ ነኝ አልኩህ እንጂ ለማኝ ነኝ አልኩህ እንዴ?» አሉ። ዋጋ ተናገርኩ፤ ቀብዱን እዚያው ከኪሳቸው አውጥተው እጄ ላይ ጨመሩልኝ። ይኸው አሁን ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። ከሌላ ገንዘብ ጋር ልቀላቅለው አልቻልኩም።

ለምን እውነቱን እንዳልነገርኳቸው ትናንትና ዛሬ ሳስብ ነው የዋልኩት። የልጄን ቃል በገዛ አፌ አላፈርስም ብዬ ነው እላለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ቃሉ ያንቺ ነው፤ ከአማቶችሽ ፊት የምትቆሚውም አንቺ ነሽ። ሌላው ግማሽ ግን እኔው ማፈሬ ነው። ሹፌር ነበርኩ ብለው በኩራት በሚናገሩ ሰው ፊት፣ አጣቢ ነኝ ማለት አቅቶኝ አይደለም፤ አጣቢ መሆኔንማ እያዩኝ ነው። ያቃተኝ አጣቢውም የዚያች ልጅ አባትም አንድ ሰው ነው ማለት ነው።

በአንቺ ላይ ምን አፍ አለኝ? ከልጅነትሽ ጀምሮ የሥራ ልብሴን እዚሁ መኪና ውስጥ ቀይሬ ነው ቤት የምገባው። ትምህርት ቤትሽ የመጣሁት ሁልጊዜ በሱፍ ነው። ጓደኞችሽ አባትሽ ምን ይሠራል ቢሉሽ ምን እንደምትመልሺ አንድ ቀን አስቤበት አላውቅም። ማፈሩን ቤታችን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ የኔ እናት። አንቺ ፈልገሽ አላመጣሽውም።

አሁን ቅዳሜ ሄጄ ያንን ግቢ ባጥብ፣ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ያዩኛል። በማግስቱ ሱፍ ለብሼ በዚያው በር ብገባ፣ ሰውዬው ዓይን አላቸው። ቀብዱን መልሼ ብቀር ደግሞ ሌላ አጣቢ ለማግኘት ጊዜ የላቸውም፤ ለእኔ ሲሉ የተጨነቁበትን ግቢ እንዳለ ትቼባቸው እንግዳ ሆኜ ልቀመጥበት ነው።

አንድ መላ አለኝ። ከማጠብ አልቀርም። እሁድ ግን እኔ እታመማለሁ፣ አጎትሽ ሱፌን ለብሶ ከእናትሽ ጋር ይሄዳል። መልካችን አንድ ነው፣ ቁመናው ደግሞ ከእኔ ይሻላል፤ አፉን ካልከፈተ ማንም ኢንጂነር አይደለም አይለውም። እናትሽ መጀመሪያ ታብዳለች፣ ኋላ ላንቺ ስትል እሺ ትላለች። ለሠርጉም ቢሆን ያው እሱ ይቆምልሻል። እኔ ከኋላ ወንበር አላጣም። ይህን የምልሽ ላሳዝንሽ አይደለም፤ ከልቤ አስቤበት ነው።

ወይም ደግሞ ንገራቸው ትይኛለሽ። ቅዳሜ ጠዋት ቱቦውን ሳልዘረጋ እነግራቸዋለሁ፤ ጥፋቱንም በራሴ ላይ አደርጋለሁ፣ ልጄ ናት ያለችው አልልም።

አንድ ቃል ብቻ በስልኬ ላኪልኝ፤ ወይ «ንገራቸው»፣ ወይ «ተው»። የትኛውንም ብትልኪ አልቀየምሽም፤ በእናቴ አጥንት። እስከሚቀጥለው ሳምንት አርብ ማታ ድረስ ምንም ካልመጣ «ተው» ማለትሽ ነው ብዬ እወስደዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ አንጠያየቅም። ስለዚህ እባክሽ፣ ከምንም በላይ ዝም አትበይኝ።

ደመና እየመጣ ነው፣ ጥርሱን እየፋቀ። ልቋጭ።

እኔ የምፈልገውን አልጠየቅሽኝም፣ ልጅን እንዲህ ያለ ነገር መለመንም ነውር ነው። ግን ከጻፍኩ አይቀር ልጻፈው። እሁድ ዕለት እዚያ ግቢ ውስጥ ከሳቸው ጎን ወንበር ይዤ፣ ግቢውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ የልጅቷም አባት እኔ ነኝ ማለት እፈልጋለሁ።

የያዝሽው ይቅናልሽ፣ የምትገቢበት ቤት በሳቅሽ ይሙላ። ለዚያም ልጅ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ አባቱ ጥሩ ሰው ናቸው በይው።

አባትሽ