ልጄ ናት ያለችበት ሳምንት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬም ከባንክ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ጠዋት ስሄድ ሲስተም የለም ተባለ። ከሰዓት ሲስተሙ መጣ፣ እኔ ግን አላለፍኩም። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ፣ ክራባቱን አጥብቆ ያሰረው፣ የስደተኛ ካርዴን አገላብጦ አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

"አማርኛሽ ግን የዚህ አገር ነው" አለኝ።

አቃቂ ነው የተወለድኩት አልኩት።

"ታዲያ እንዴት ስደተኛ ሆንሽ?"

ይህን ለማስረዳት ያ ሁሉ ወረፋ ከኋላ ቆሞ እንዴት ይሆናል። አባቴና እናቴ ኤርትራውያን ናቸው። አባቴ እዚሁ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በሁለቱ አገሮች ጦርነት ጊዜ አውቶቡስ ላይ ጭነው ወደ ኤርትራ ሲወስዱን ሰባት ዓመቴ ነበር። አስመራ ከኢትዮጵያ የመጣነውን "አምቼ" ይሉናል፣ አምቼ ሆኜ አደግኩ። ዘንድሮ ወደ ተወለድኩበት ሰፈር ስመለስ ደግሞ የውጭ አገር ሰው ሆንኩ። የትም ብሄድ ከሌላ ቦታ የመጣሁ ነኝ፣ ለምጄዋለሁ። ዛሬ ግን አናደደኝ።

ዋናው ነገር ሥራው ነው። ቂሊንጦ ያለ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀብሎኛል። የሥራ ፈቃድ አውጥቻለሁ፣ ጤና ምርመራውንም ጨርሻለሁ፣ የቀረው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ብቻ ነው። ደሞዝ በእጅ አይሰጡም። "ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ካላመጣሽ ቦታሽ ለተጠባባቂ ይሰጣል" ብላኛለች የቅጥር ክፍሏ ሴት፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ።

ባለ ክራባቱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። የባንኩ ደንበኛ የሆነ የሰፈር ሰው መጥቶ የት እንደምኖር ይመስክር አለኝ።

ይሄማ ቀላል ነው። ዘይነባ አለችልኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ለዘይነባ ነገርኳት። ደስታዋ ለጉድ ነው። ለሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ከሳጥን አውጥታ ተኮሰች። "ባንክ ቤቱ ውስጥ የማያውቀኝ የለም" አለች። ስልኳ ላይ የሚመጣውን የባንክ መልእክት የሚያነብላት ልጇ ሰዒድ ነው፣ እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከአቃቂ ቱሉ ዲምቱ ሚኒባስ ሲነዳ ነው የሚውለው። ቢሆንም አመንኳት።

ዘይነባ የጡት እናቴ ናት። ስወለድ እናቴ በታይፎይድ ተኝታ ነበር። ዘይነባ ከወሎ መጥታ አጠገባችን የምትኖር ጎረቤት ነበረች፣ ሰዒድን እያጠባች ነበር፣ እኔንም ጨመረችኝ። "እሱ በግራ፣ አንቺ በቀኝ፣ እኔ መሀል ላይ እንደ ላም" ትላለች ለመጣ ሰው ሁሉ። ባሏ ካረፈ ወዲህ ግቢው ውስጥ እሷና ሰዒድ ብቻ ናቸው፣ ጓዳዋን ለኔ ሰጥታኛለች። የመጣሁ ሰሞን "አንቱ" ስላት ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። "እናቱን አንቱ የሚል ማንን አየሽ?" አለችኝ። አሁን አንቺ እላታለሁ፣ እንደ ልጅነቴ።

ነገ ጠዋት እንሄዳለን። ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኛል መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጉድ ሆንኩ።

ሁሉም ነገር ደህና ሄዶ ነበር። ባለ ክራባቱ በትሕትና "እማማ፣ እንዴት ያውቋታል?" አላት።

"ልጄ ናት" አለች። ጥበቃው ሳይቀር እንዲሰማ አድርጋ።

ባለ ክራባቱ ብዕሩን አስቀመጠ። ካርዴ ላይ የእናት ስም ለተብርሃን ነው። የሷ መታወቂያ ዘይነባ ይላል፣ ኢትዮጵያዊት ይላል። "የወለዷት ልጅ?" ብሎ ጠየቀ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። "ጡቴን ጠብታ ያደገች ልጄ ናት። ሌላ ምን ዓይነት ልጅ አለ?"

ወደ ሥራ አስኪያጇ ወሰዱን። ጨዋ ሴት ናት፣ ክፉ አልተናገረችኝም። "እናትሽ ኢትዮጵያዊት ከሆኑ የስደተኛ ካርድ ለምን ያዝሽ? እናትሽ ካልሆኑ ደግሞ ለምን ነኝ አሉ?" አለችኝ። የጡቱን ታሪክ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። "እኔ ይገባኛል። እናቴም ጎረቤት አጥብታለች። ሲስተሙ ላይ ግን የጡት እናት የሚል ቦታ የለም።" ምስክሯ ተመልሳ ቃሏን ካላስተካከለች ካርዱን የሰጠኝን መሥሪያ ቤት መጠየቅ የባንኩ ግዴታ እንደሆነም ነገረችኝ።

ካርዱ ከተያዘብኝ የሚሄደው ሥራው ብቻ አይደለም። እዚህ አገር በምን እቆማለሁ?

ስንወጣ ዘይነባን ለመንኳት። ነገ ጎረቤት ናት በይ፣ በቃ፣ አንዲት ቃል ናት አልኳት። ቀድማኝ ሄደች። እስከ ቤት ድረስ ጀርባዋን እያየሁ ተከተልኳት። ሌላው ቢቀር ለኔ ብላ ነው ያለችው፣ ይህንን አውቃለሁ። ግን ምናለ ዝም ብትል ኖሮ።

አርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው። ከጠዋት ጀምሮ አቃቂ ጭስ ብቻ ሆኗል፣ እያንዳንዱ ቤት የግቢውን ቆሻሻ እያነደደ። ዘይነባም ቅጠሉን፣ የተቀደደ ከረጢቱን፣ የሰዒድን አሮጌ የመኪና ምንጣፍ ሰብስባ አነደደች። ከመሄዳችን በፊት አንዴ ላናግራት ብዬ ጭሱ ውስጥ ገባሁ።

"አልልም" አለች።

ሰዒድ ወደ ሥራ ሊወጣ ቁልፍ በእጁ ይዞ ቆሟል። "እማ፣ ለወረቀት እኮ ነው" አላት።

"ያኔም ለወረቀት ነበር።"

ከዚያ በዱላ እሳቱን እያገላበጠች፣ ፊቷን ሳታዞር ነገረችን። ሊወስዱን የመጡት ሰዎች ስም ከወረቀት እየጠሩ ሲያወጡን እሷ በራችን ላይ ነበረች። አንዱ "ምንሽ ናቸው?" አላት። ፈራች። ባሏ መንገድ ላይ ነው፣ ሰዒድ ትንሽ ነው። "ጎረቤት ናቸው" አለች። "አንቺ ቀሚሴን ይዘሽ ነበር። ጣትሽን አንድ በአንድ አላቀቅኩት። ያንን ቃል አንዴ ብዬዋለሁ፣ ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም።"

ሰዒድ ይህንን ሰምቶ አያውቅም። ቁልፉን ጨብጦ ወጣ። የሚኒባሱ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

እኔ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ተናደድኩ። አዎ፣ ተናድጃለሁ፣ እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ። እስከ ዛሬ የማስታውሳት በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ ነው። ቀሚሱን አላስታውስም። ያኔ "ልጄ ናት" ብትል እዚህ እቀር ነበር? እናቴስ ያለኔ ትሄድ ነበር? ያኔ ሲያስፈልግ ያላለችውን ዛሬ ስትለው ደግሞ ሥራዬን ልታሳጣኝ ነው። ሁለቱም አስለቀሱኝ።

ቀኑ እንዲሁ አለፈ። ነገ ቅዳሜ ነው። ያለኝ መንገድ፦

ሰዒድ ይመስክር። አይሆንም፣ የሚጠቀመው ሌላ ባንክ ነው።
ሌላ ባንክ ልሂድ። ከሀ ልጀምር ማለት ነው፣ ጊዜ የለም።
ፋብሪካውን ቀን ልለምን። ሴትዮዋን አይቻታለሁ፣ አትሰማም።
እኔው ልበለው።

ከመግሪብ በኋላ ስግደቷን እስክትጨርስ ጠብቄ ገባሁ። "አንቺ ምንም አትበይ። ቃሉን እኔ እላለሁ። አንቺ አድራሻው ላይ ብቻ ፈርሚልኝ" አልኳት። ምንጣፏን አጣጥፋ አስቀመጠች።

"ትችያለሽ?" አለች።

እችላለሁ አልኳት። እንጃ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ያንኑ የሠርግ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። መንገድ ላይ አልተነጋገርንም። ባንኩ ጢም ብሏል፣ ዓይኔ የግድግዳው ሰዓት ላይ ነው።

ሥራ አስኪያጇ ወረቀቱን አወጣች። "ታዲያ፣ ዝምድናችሁ ምንድን ነው?"

"እሳቸው ጎረቤቴ ናቸው" አልኩ። እሳቸው አልኩ። "የምኖረው ግቢያቸው ውስጥ ነው።"

"የሥጋ ዝምድና የላችሁም?"

"የለንም።"

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፣ እሱ ነው ያሳፈረኝ። ዘይነባ አጠገቤ ቆማ የወረፋ ቁጥሩ ሲቀያየር ታያለች። ያሰብኩት እዚህ ላይ ያልቃል ብዬ ነበር። ሥራ አስኪያጇ ግን ወደሷ ዞረች። "ልክ ነው እማማ?"

ባለ ክራባቱ ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል። አልልም ብላለች፣ እንደማትል አውቃለሁ፣ አለቀልኝ አልኩ በልቤ።

"እሷ ካለች ልክ ነው" አለች ዘይነባ።

ሥራ አስኪያጇ ትንሽ አየቻት፣ ከዚያ ወረቀቱን ገፋ አደረገችላት። ፈረመች። የሒሳብ ቁጥሬን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። እዚያው በር ላይ ቆሜ ፋብሪካው ደወልኩ። ሴትዮዋ ቁጥሩን ደግማ አስነበበችኝና "በቃ፣ ሰኞ ጠዋት ሰርቪሱ አያምልጥሽ" አለች። ስድስት ሰዓት አልሞላም ነበር። የምዘል መስሎኝ ነበር። ሄጄ ግን ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ይቅር ብያት እንደሆነ አላውቅም። እሷም ለዛሬው ይቅር ብላኝ እንደሆነ መጠየቅ ፈራሁ።

ባጃጅ ያዝን። ሹፌሩ ወሬ የሚወድ ነው፣ በመስታወት አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። "እማማ፣ ልጅዎት ናት?"

ዘይነባ ወደ ውጭ እያየች "ባንክ ቤት ሄደህ ጠይቅ" አለችው።

እሱ ሳቀ። እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ፣ ፊቷን ባይ ምንም አይነበብም። አሮጌው ሐዲድ ላይ ስንደርስ ባጃጁ ተንገጫገጨ፣ ዘይነባ የቀሚሴን ጫፍ ጨብጣ ያዘች። ሐዲዱን አልፈን፣ አስፋልቱን ጨርሰን፣ በራችን ላይ ቆመን ሒሳብ ስከፍል እንኳ አልለቀቀችም።