የአፍሪዬ ቀኝ እጅ

ለእትዬ ኮናዱ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፤ እዚህ ኩማሲም ዝናቡ አባርቷል።

የልጄን የአፍሪዬን ጥጋብ ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ለተደረደሩት ሽማግሌዎች ለሰላምታ ግራ እጇን ዘረጋች።

«ይቺን ባለጌ ማን ነው ያሳደጋት?» አሉ አንዲት አሮጊት።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ እዚያው በጥፊ አልኳት። አላለቀሰችም። «ቀኙ እምቢ አለኝ እኮ፣ እማ» አለች።

ከዚያ ወዲህ በግራዋ ስትበላም አልቆጣትም።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እኚያኑ አሮጊት በቀኟ ጨበጠቻቸው። «ጎሽ! ጥፊ እኮ ልጅ ያርማል» አሉኝ። ክርኗን ከስር ደግፌ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

አንቺ ሰፈር ያለው የልጆች ሐኪም ቅዳሜም ይሠራል? እንዲያው ነው የጠየቅኩሽ።

ጉልበትሽን ስሜያለሁ። አፍሪዬም ሰላም ብላሻለች፤ በግራዋ ስለሆነ እንዳትቀየሚያት።

እህትሽ ሰርዋ