ነጎድጓድ የሌለችበት ክሊፕ

ኅዳር 3

በዚህ ቤት ሻይ በሰላም አይጠጣም። የእህቴ ልጅ ፎቅ ላይ ድራሟን ስትጀምር ብርጭቆዬ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ይሄዳል። ዛሬማ ፎቶ ቤቴ ገብተው ለጉርድ ፎቶ የተቀመጡ ሽማግሌ በየምቱ ዓይናቸውን እያርገበገቡ አስቸገሩኝ። ወጥቼ ጮህኩባት።

"አንቺ ነጎድጓድ!"

"ጋሼ፣ ክሊፓችን ነገ ይለቀቃል። ዛሬን ቻለኝ!"

ቻልኳት። የሮክ ባንድ ድራመር አጎት መሆን... ደስ ይላል፤ ለእሷ ግን አልነግራትም።

ኅዳር 4

አየሁት። እሷ የለችም።

ድምፁ የእሷ ነው። ወንበሯ ላይ ግን ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። ቀጭን፣ ቆዳ የለበሰች፣ የድራሙን ዱላ እንደ ሾርባ ማማሰያ የያዘች።

"የቀረጻው ቀን የት ነበርሽ?"

"እዚያው። መብራት ያዢ አሉኝ።"

"ከዚያስ?"

"ያዝኩ።"

ኅዳር 5

ደንበኛ አልነበረም። ደጋግሜ አየሁት። ፎቶ ማንሳት ያስተማረኝ የለም፤ ፊልም እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። ግን ካሜራ ማንን እንደሚያከብር አውቃለሁ።

ጸጉራሙ ዘፋኝ ከታች ወደ ላይ ነው የተቀረጸው፤ ሐውልት አስመስለውታል። ጊታሪስቱም ያላበው ግንባሩ፣ የሚሮጡት ጣቶቹ፣ ሁሉም አለ። ወንዶቹ ሲሠሩ ነው የሚታዩት። ልጅቷ ጋ ሲደርስስ? ከንፈር። ጭን። እርጥብ ጀርባ። እንደገና ጭን። ከዚያ ቀይ መብራት፣ ጭስ፣ ዝግ ያለ እንቅስቃሴ... ሥጋ ቤትም ቀይ አምፖል የሚሰቅለው ሥጋው ትኩስ እንዲመስል ነው።

ቅፍፍ አለኝ።

የባሰ የሚያናድደው ደግሞ ማማሩ! ጥላው እንዴት እንደወደቀ... ቀራጩ እንዲህ ያለ እጅ ይዞ እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል? ያንን መብራት የያዘችው ደግሞ የእኔ ልጅ ናት።

ኅዳር 8

ጸጉራሙ ደወለላት፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋው ነበር። በሩ ክፍት ነበር። (እሺ፣ ጆሮዬንም ለጥፌ ነበር።) ቅዳሜ መድረክ አላቸው። ሕዝቡ የሚጠብቀው የክሊፗን ልጅ ስለሆነ እሷ ፊት ትቀመጥ፣ ነጎድጓድ ከመጋረጃ ጀርባ ትምታ። "ሙዚቃ እኮ የሚሰማ ነገር ነው" አላት። እሷ ቀስ ብላ ስለመለሰች መልሷ አልተሰማኝም።

"ምን አልሽው?"

"እሺ።"

"እሺ?!"

"እምቢ ካልኩ ሌላ ድራመር ያመጣሉ ጋሼ። መምታቱ ይበቃኛል።"

"እንግዲያው እኔም ሙሽሮችን ከመጋረጃ ጀርባ አቁሜ ፎቶ ላንሳ!"

በቀልዶቼ ሁሌ ትስቅልኝ ነበር። ዛሬ አልሳቀችም።

ኅዳር 9

ፎቅ ላይ ዝም ብሏል። ጉርድ ፎቶ የሚነሱት ሁሉ ዓይናቸውን ቀጥ አድርገው ተነሱ። አስጠሉኝ።

ኅዳር 11

መድረኩ ነገ ነው። ነጎድጓድ በእኔ ጓዳ ጥቁር ሸሚዟን ስትተኩስ አገኘኋት።

"ማንም ለማያየው ሸሚዝ ምን ያደክምሻል?"

ዓይኗ እንባ ሞላ። ምላሴ ይቆረጥ! እልህ ላስይዛት ብዬ ነበር እኮ... "ተይው፣ አትሂጂ" ልላት አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳ። ፎቶ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል።

ከፈትኩ። አንዲት ልጅ። ወፍራም ሹራብ፣ ክብ ፊት፣ አፍንጫዋ ላይ ጠቃጠቆ።

"ጉርድ ፎቶ ከሆነ ነገ ነይ" አልኳት።

"አይደለም አባባ። ድራም የምትመታዋን ፈልጌ ነው።"

"ማን መጣ ልበላት?"

"አላወቁኝም? ክሊፑ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።"

ያን ክሊፕ ስንቴ አየሁት! ፊቷን ግን ገና ዛሬ አየሁት።

"ነገ አልቀመጥም ብያቸዋለሁ" አለችኝ። "ወንበሩ የእሷ ነው። ሌላ ሰው ሳይነግራት ራሴ ልነግራት ብዬ ነው።"

ልጠራት ዞር ስል ነጎድጓድ ካውያውን እንደያዘች ከኋላዬ ቆማለች።